ከ40 ዓመት በኋላ ብዙ ኪሎ ለመቀነስ፦ ከምርመራ ክፍል እስከ ወጥ ቤት የሚደርስ የአሠራር መመሪያ

«ሐኪሙ ክብደት ቀንሺ ብሎ አሰናበተኝ፤ ግን ከየት ልጀምር?» የሚለው ጥያቄ በተለያየ አነጋገር ደጋግሞ ይደርሰኛል። ጠያቂዎቹ አብዛኛውን ጊዜ ከ40 እስከ 60 ዓመት የሚሆናቸው፣ ልጆች የሚያሳድጉና ወላጆች የሚጦሩ፣ የደም ግፊታቸው ወይም ስኳራቸው ከፍ ማለት የጀመረ፣ 15 ወይም 20 ኪሎ እንዲቀንሱ የተነገራቸው ሰዎች ናቸው። ለእያንዳንዱ በተናጠል ከመመለስ ይልቅ ሥራውን ከነቅደም ተከተሉና ከነምክንያቱ እዚህ አስፍሬዋለሁ። ከመጀመሪያው እንዲያውቁት የምፈልገው ነገር ቢኖር፣ ለቤተሰብ ሲባል የተወሰነ ውሳኔ በሐሳብ ብቻ ከቀረ ከጥቂት ሳምንታት በላይ እንደማይዘልቅ ነው፤ ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው እያንዳንዱ ደረጃ ውሳኔዎን በዘይት ጄሪካኑ፣ በሳህኑ፣ በሻይ ማንኪያውና በሳምንቱ መርሐ ግብር ላይ የሚያሳርፍ ነው።

ከመጀመርዎ በፊት ሊያነቧቸው የሚገቡ ማስጠንቀቂያዎች

ነፍሰ ጡር ከሆኑ ወይም ጡት የሚያጠቡ ከሆነ፣ የኩላሊት ሕመም ካለብዎት፣ ወይም ቀደም ሲል ከምግብ ጋር የተያያዘ የአእምሮ ጤና ችግር አጋጥሞዎት የሚያውቅ ከሆነ ይህን መመሪያ ያለ ሐኪም ክትትል አይጀምሩት። ሳያስቡት በራሱ ጊዜ ኪሎ እየቀነሱ ከሆነ ደግሞ ያ የምርመራ እንጂ የደስታ ምክንያት አይደለም።

ኢንሱሊን ወይም እንደ ግሊቤንክላማይድ ያለ የስኳር መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች የምግባቸውን መጠን በድንገት ሲቀንሱ ስኳራቸው ከሚገባው በታች ሊወርድ ይችላል። መንቀጥቀጥ፣ ላብ፣ ድንገተኛ ረሃብና የሐሳብ መደናገር ምልክቶቹ ናቸው። እንዲህ ሲሆን 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጦ መጠጣት፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ መለካት፣ ካልተስተካከለም መድገም ያስፈልጋል፤ ራሱን ለሳተ ሰው ግን በአፍ ምንም ነገር አይሰጥም፤ ወዲያውኑ ወደ ጤና ተቋም ይወሰዳል።

የማቅጠኛ ሻይ፣ ቅባትና ስሙ የማይታወቅ ክኒን አይግዙ። ከሻዮቹ ብዙዎቹ የሚያስቀምጡ ዕፅዋት ስላሉባቸው የሚቀንሱት ውሃ እንጂ ስብ አይደለም። ሴማግሉታይድ የተባለው መርፌ በሐኪም ትእዛዝ የሚሰጥ እውነተኛ መድኃኒት ቢሆንም፣ የዓለም ጤና ድርጅት በ2024 እ.ኤ.አ. ኦዜምፒክ በሚባለው ስሙ የተሠሩ ሐሰተኛ ምርቶች በገበያ መገኘታቸውን አስጠንቅቋል። ስለዚህ በሻንጣ ከውጭ የመጣ ወይም በማኅበራዊ መገናኛ የሚሸጥ መርፌ ወደ ሰውነትዎ አያስገቡ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- አንድ የሰው ሚዛን። ትክክለኛነቱ አጠራጣሪ ቢሆን እንኳ ሁልጊዜ ያንኑ ሚዛን ይጠቀሙ።
- ልብስ ሰፊዎች የሚጠቀሙበት ሜትር።
- ደብተርና እስክሪብቶ።
- ለዘይት ብቻ የሚያገለግል አንድ የሾርባ ማንኪያ፣ ከጄሪካኑ ጋር በገመድ ቢታሰር ይመረጣል።
- ለራስዎ ብቻ የሚሆን ጠፍጣፋ ሳህን።
- ሶሉ ያላለቀ ስፖርት ጫማ።
- የግፊት ወይም የስኳር ታካሚ ከሆኑ የቤት ውስጥ መለኪያ።
- ከተቻለ ትንሽ የወጥ ቤት ሚዛን።

ደረጃ 1፦ ምርመራ ያድርጉ

ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ክሊኒክ ሄደው የደም ግፊት፣ የስኳር፣ የደም ቅባት፣ የኩላሊትና የጉበት ምርመራ እንዲደረግልዎ ይጠይቁ። ለስኳር ምርመራው ቢያንስ ለ8 ሰዓታት ምግብ ሳይቀምሱ መሄድ ያስፈልጋል፤ በዚህ ሁኔታ የተለካ ስኳር ከ100 (ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር) በታች ሲሆን ጤናማ፣ ከ100 እስከ 125 ሲሆን ወደ ስኳር ሕመም የሚያዘነብል፣ በተደጋጋሚ ምርመራ 126 እና ከዚያ በላይ ሲሆን ደግሞ የስኳር ሕመም ተብሎ ይወሰዳል። አንገትዎ ላይ እንቅርት ካለ፣ ብርድ ከመጠን በላይ የሚሰማዎት ወይም የሆድ ድርቀት የሚያስቸግርዎ ከሆነ የታይሮይድ ምርመራም ይጨመር።

የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች ሁሉ ጽፈው ይዘው ይሂዱ። ይህ የሚደረግበት ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛ፣ በየ3 ወሩ የሚወሰደው የወሊድ መቆጣጠሪያ መርፌና እንደ ፕሬድኒሶሎን ያሉ (ለአስም፣ ለአለርጂና ለመሳሰሉት የሚታዘዙ) መድኃኒቶች ራሳቸው ክብደት ሊጨምሩ ይችላሉ፤ ሁለተኛ፣ ክብደት ሲቀንስ የግፊትና የስኳር መድኃኒት መጠን መስተካከል ሊኖርበት ይችላል። በእንቅልፍ ጊዜ በኃይል እንደሚያንኮራፉ ወይም ትንፋሽዎ ቆም ቆም እንደሚል የትዳር ጓደኛዎ ከነገረዎት ይህንንም ለሐኪሙ ይናገሩ።

ደረጃ 2፦ መነሻዎን ይመዝግቡ

ጠዋት ሽንት ቤት ከገቡ በኋላ፣ ቁርስ ሳይበሉና ጫማ ሳያደርጉ ይመዘኑ። ቀጥሎ ሜትሩን በመጨረሻው የጎን አጥንትና በዳሌ አጥንት መካከል ባለው ቦታ አዙረው፣ ሆድዎን ሳይስቡ፣ አየር ካስወጡ በኋላ ወገብዎን ይለኩ። ለሴቶች ከ88፣ ለወንዶች ከ102 ሴንቲ ሜትር በላይ የሆነ የወገብ ልክ የልብና የስኳር ሕመም ስጋቱ በእጅጉ መጨመሩን ያመለክታል። ቦርጭ ከሚዛኑ ተለይቶ የሚለካው በሆድ ዕቃ ዙሪያ የሚከማቸው ስብ በዳሌና በጭን ካለው ይበልጥ ስለሚጎዳ ነው፤ ሴቶችም የወር አበባ ወደ ማቆሙ ሲቃረብ ስቡ ወደ ሆድ አካባቢ ያዘነብላል።

በዚያው ገጽ ላይ ይህን ሥራ የሚጀምሩበትን ምክንያት ይጻፉ፤ ነገር ግን «ለልጆቼ ስል» ብቻ ብለው አይለፉት። «ሦስተኛ ፎቅ ሳልቆም መውጣት»፣ «መሬት ላይ ከልጄ ጋር ተቀምጬ ያለ እርዳታ መነሣት»፣ «ግፊቴን ከ140/90 በታች ማድረግ» የሚል ጽሑፍ ይሻላል፤ ምክንያቱም ሚዛኑ ባልተንቀሳቀሰበት ሳምንት እንኳ መሻሻልዎን የሚያዩበት ነገር ይኖርዎታል።

ደረጃ 3፦ ግቡን በስሌት ይከፋፍሉ

ክብደትን በኪሎ፣ ቁመትን በሜትር ወስደው ክብደቱን ለቁመቱ፣ ውጤቱን እንደገና ለቁመቱ ያካፍሉ። ቁመቷ 1.60 ሜትር፣ ክብደቷ 92 ኪሎ የሆነች ሴት ብትኖር ውጤቷ 36 ገደማ ይሆናል፤ ከ25 በላይ ከመጠን ያለፈ ክብደት፣ ከ30 በላይ ደግሞ ውፍረት ይባላል።

የመጀመሪያ ግቧ 60 ኪሎ መግባት ሊሆን አይገባም። የመጀመሪያው ግብ ከመነሻው 5 በመቶ፣ ማለትም 4 ኪሎ ተኩል ያህል ነው። ሁለተኛው 10 በመቶ ሲሆን 83 ኪሎ ላይ ያደርሳታል። ሦስተኛው ከ30 በታች የሚያወርዳት 76 ኪሎ ነው። በሳምንት ግማሽ ኪሎ ብትቀንስ ሦስተኛው ግብ ላይ ለመድረስ 8 ወር ገደማ ያስፈልጋታል። በዚህ መልክ መከፋፈሉ ለመጽናኛ የተፈጠረ ዘዴ አይደለም፤ ከ5 እስከ 10 በመቶ የሚሆን ክብደት ብቻ ሲቀንስ የደም ግፊት፣ ስኳርና የደም ቅባት መሻሻል ስለሚጀምር ጥቅሙ ከመጨረሻው ኪሎ በፊት የሚገኝ በመሆኑ ነው።

ከግማሽ እስከ አንድ ኪሎ በሳምንት ደህና ፍጥነት ነው። ከዚያ በላይ በጥድፊያ መቀነስ ጡንቻ ያሟጥጣል፤ በሐሞት ከረጢት ውስጥ ጠጠር እንዲፈጠርም በር ይከፍታል። በቀኝ በኩል ከጎን አጥንት ሥር፣ በተለይ ቅባት ከበሉ በኋላ የሚነሣ ብርቱ ሕመም ካጋጠመዎት «ጨጓራ ነው» ብለው አይለፉት፤ ይታዩ።

ደረጃ 4፦ ከቤተሰቡ ጋር ይስማሙ

በብዙ ቤት ወጡን የሚሠራው ክብደት የሚቀንሰው ሰው አይደለም። የትዳር ጓደኛ፣ እናት፣ እኅት ወይም የቤት ሠራተኛ ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ ያ ሰው ያላወቀው ዕቅድ ምሳ ሰዓት ላይ ይፈርሳል። ቤተሰቡን ሰብስበው «አግዙኝ» ከማለት ይልቅ ሦስት ነገሮችን ብቻ ይጠይቁ፦ ዘይት በማንኪያ እንዲለካ፣ የእርስዎ ምግብ በተለየ ሳህን እንዲቀርብ፣ ለስላሳ መጠጥ ለእንግዳ እንጂ ለዘወትር እንዳይገዛ።

ልጆችን በእርስዎ ምግብ መጠን አይመግቡ። በተለይ ከ5 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ለዕድገታቸው ቅባት ያስፈልጋቸዋል፤ የእነርሱ ድርሻ ከድስቱ ከወጣ በኋላ ትንሽ ዘይት ወይም ቅቤ ሊጨመርበት ይችላል።

ሌላም አስቀድመው ሊዘጋጁበት የሚገባ ነገር አለ። 6 ወይም 7 ኪሎ ሲቀንሱ ዘመድና ጎረቤት «ከሳህ፣ ምን አመመህ?» ማለቱ አይቀርም፤ በእኛ ዘንድ መወፈር የድሎት፣ መክሳት የሕመም ምልክት ተደርጎ ሲታይ ኖሯል። «ሐኪም አዝዞኝ ነው፣ ግፊቴም ወርዷል» የሚል አጭር መልስ ይዘጋጅ፤ ለእናትና ለአባት ግን ከመጀመሪያው በግልጽ ይነገራቸው፤ አለበለዚያ በጭንቀት የሚሰጡት ጉርሻ ያሸንፍዎታል።

ደረጃ 5፦ ዘይቱን ይለኩ

ከሁሉም ደረጃዎች ፈጣን ውጤት የሚሰጠው ይህ ነው፤ ስለዚህ ጊዜ ይስጡት። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ (ከምግብ የሚገኘው ኃይል መለኪያ) ያህል አለው። አንድ ግራም ቅባት 9፣ አንድ ግራም ስኳር ወይም ዱቄት ግን 4 ካሎሪ ስለሚሰጥ፣ የወጡ መጠን ሳይቀንስ ዘይቱ ብቻ ሲቀንስ የሚበሉት ኃይል በብዙ ይወርዳል።

መጀመሪያ ምንም ሳይቀይሩ ባለ 5 ሊትር ጄሪካኑ የተከፈተበትን ቀን በላዩ ላይ ይጻፉና መቼ እንደሚያልቅ ይመልከቱ። አምስት ሰው ባለበት ቤት በ2 ሳምንት ካለቀ ለእያንዳንዱ ሰው በቀን 590 ካሎሪ ያህል ከዘይት ብቻ ይደርሰዋል ማለት ነው። ያው ጄሪካን ወር እንዲቆይ ቢደረግ ድርሻው ወደ 275 ይወርዳል። ልዩነቱ ከ300 ካሎሪ በላይ ነው፤ ይህም አንድ ጎልማሳ ከአንድ ሰዓት የእግር ጉዞ የሚያገኘውን ያህል ነው፤ ያውም ማንም ሳይራብ። ወር ለማቆየት ለመላው ቤት በቀን 11 የሾርባ ማንኪያ ገደማ መመደብ ይበቃል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሽንኩርቱን በደረቁ፣ ያለ ዘይት ያቁላሉ፤ እንዳያር ውሃ ጠብ ያድርጉበት። በርበሬው ከገባ በኋላም በትንሽ በትንሹ ሙቅ ውሃ እየጨመሩ ያብስሉት። የተለካው ዘይት የሚገባው ከዚህ በኋላ ነው። ዘይት መጀመሪያ ሲገባ ሽንኩርቱ ስለሚመጠው በዓይን የሚታይ አይመስልም፣ ሠሪውም ደጋግሞ ይጨምራል። ዘይት ያልተንሳፈፈበት ወጥ ለእንግዳ ማቅረብ የሚያሳፍራቸው ሰዎች እንዳሉ አውቃለሁ፤ ለእንግዳው ድስት ከወረደ በኋላ ጥቂት ቅቤ ጣል ማድረግ ይቻላል። ንጥር ቅቤም ከዘይት እኩል ስለሚቆጠር ከዕለቱ ማንኪያ ላይ ይቀነሳል።

ደረጃ 6፦ የራስዎን ሳህን ያዘጋጁ

በገበታ አብሮ መብላት መልካም ነው፤ ችግሩ ማን ምን ያህል እንደበላ የማይታይ መሆኑ ነው። ከመሶቡ አይራቁ፤ ድርሻዎን ግን በሳህን ያውጡ። ግማሹን ጎመን፣ ጥቅል ጎመን፣ ፎሶሊያ፣ ካሮት ወይም ሰላጣ ይሙሉት፤ ሩቡን ምስር፣ ሽሮ፣ ክክ፣ እንቁላል፣ ዓሣ ወይም ቀይ ሥጋ፤ ቀሪው ሩብ የእንጀራ ነው።

እንጀራ ከገበታ እንዲጠፋ አያስፈልግም። 100 ግራም እንጀራ 150 ካሎሪ ገደማ ስለሚሰጥ፣ በቤትዎ የሚጋገረውን አንድ እንጀራ አንድ ጊዜ መዝነው ክብደቱን ይወቁ፤ 300 ግራም ከሆነ ሙሉው 450 ካሎሪ ነው። ከዚያ በኋላ ግማሽ ወይም ሩብ ብሎ መቁረጥ ቀላል ይሆናል። ፍርፍር ሲሆን እንጀራው ስለሚደቅ መጠኑ ያታልላል፤ ሳይፈረፈር በፊት ይቆረጥ።

የሥጋ፣ የእንቁላልና የጥራጥሬው ሩብ እንዳይቀነስ ይጠንቀቁ። ከ40 ዓመት በኋላ ጡንቻ በራሱ ጊዜ እየቀነሰ ይሄዳል፤ ፕሮቲን ሳይበሉ ክብደት ከቀነሱ ደግሞ የሚሄደው ጡንቻው ጭምር ነው። አንድ እንቁላል 6 ግራም፣ አንድ ኩባያ የተቀቀለ ምስር 18 ግራም ያህል ፕሮቲን አለው።

ደረጃ 7፦ የሚጠጣውን ይቁጠሩ

በቀን 5 ብርጭቆ ሻይ፣ በእያንዳንዱ 3 የሻይ ማንኪያ ስኳር የሚጠጣ ሰው 60 ግራም ስኳር ወይም 240 ካሎሪ ይወስዳል። በአንድ ጊዜ ማቆም የሚከብድዎ ከሆነ በየሳምንቱ ግማሽ ማንኪያ ይቀንሱ፤ ምላስ ቀስ በቀስ ይለምዳል። አንድ ጠርሙስ ለስላሳ 30 ግራም ገደማ ስኳር፣ አንድ ጠርሙስ ቢራ 150 ገደማ ካሎሪ አለው። ማር ከስኳር ያን ያህል አይለይም። ስኳር የሌለው ቡና ችግር የለበትም፤ የሚቆጠረው ከቡናው ጋር የሚቀርበው ዳቦ ነው።

ደረጃ 8፦ ይራመዱ፣ ጡንቻንም ያሠሩ

የዓለም ጤና ድርጅት ለጎልማሶች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴና ቢያንስ 2 ቀን ጡንቻ የሚያጠነክር ሥራ ይመክራል። በቀን 10 ደቂቃ ይጀምሩና በየሳምንቱ 5 ደቂቃ ይጨምሩ። ልኩ እየተራመዱ ማውራት የሚችሉበት፣ መዝፈን ግን የሚያቅትዎ ፍጥነት ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ስለሆነች ዳገት ላይ ትንፋሽ ማጠሩ የሚጠበቅ ነው፤ ደረት ላይ ጫና፣ ወደ ክንድ ወይም መንጋጋ የሚሄድ ሕመም ወይም ማዞር ግን የሚጠበቅ አይደለም፤ ቆመው ወዲያውኑ ሕክምና ይፈልጉ።

ሶምሶማና ገመድ ዝላይ ለኋላ ይቆዩ። አንድ ኪሎ በቀነሰ ቁጥር በእያንዳንዱ እርምጃ ጉልበት ላይ የሚያርፈው ጫና 4 ኪሎ ያህል ስለሚቀልል ጉልበትዎ ለሩጫ የሚደርሰው ከወራት በኋላ ነው። ለጡንቻ ደግሞ እጅን ሳይደገፉ ከወንበር መነሣትና መቀመጥ፣ ግድግዳን በሁለት እጅ እየገፉ መመለስ፣ ውሃ የሞላ ባለ 2 ሊትር ጠርሙስ ማንሣት ይበቃል፤ እያንዳንዱን 10 ጊዜ፣ በ3 ዙር።

ደረጃ 9፦ ጾሙንና ድግሱን አስቀድመው ያቅዱ

የጾም ወቅት በራሱ ክብደት አይቀንስም። በዐቢይ ጾም 55 ቀናት ኪሎ የጨመሩ ብዙ ሰዎች አሉ፤ ምክንያቱም እስከ 9 ሰዓት ቆይቶ በብርቱ ረሃብ የሚበላው ዳቦ፣ ፓስታ፣ ሳምቡሳና ዘይት የበዛበት በያይነቱ ከተተወው ሥጋና ወተት ይበልጣል። የጾሙን ቀን በሽሮ፣ በምስር፣ በባቄላና በጎመን ይክፈቱ፤ ሱፍና ተልባ ጠቃሚ ቢሆኑም ቅባታቸው ብዙ ስለሆነ በልክ ይሁኑ። በረመዳንም ኢፍጣርን በተምርና በውሃ፣ ከዚያም በሾርባ ከፍቶ ዋናውን ምግብ ጥቂት ቆይቶ መብላት ጥጋቡ እስኪሰማ ጊዜ ይሰጣል። የስኳር ታካሚ ከሆኑ ጾሙ ከመግባቱ በፊት የመድኃኒት ሰዓትዎን ከሐኪም ጋር ያስተካክሉ።

ለፋሲካ፣ ለሠርግና ለማኅበር የሚሆነው ደንብ አጭር ነው፦ በዓሉ አንድ ቀን ነው፤ የተረፈው ዶሮ ወጥ ግን ለሳምንት ይበላል። የተረፈውን በማግስቱ ለዘመድ ይላኩ ወይም በድርሻ ከፋፍለው ማቀዝቀዣ ውስጥ ያስቀምጡ።

ደረጃ 10፦ በሳምንት አንድ ቀን ይለኩ፣ ሲቆምም ያስተካክሉ

በሳምንት አንድ ጊዜ፣ በዚያው ቀንና ሰዓት ይመዘኑ፤ ወገብዎን በወር አንድ ጊዜ ይለኩ። ጨው የበዛበት እራት ብቻውን በማግስቱ አንድ ኪሎ ውሃ ሊያስይዝ ስለሚችል የአንድ ቀን ቁጥር ምንም አይነግርዎትም።

ከጥቂት ወራት በኋላ ሚዛኑ ለ4 ሳምንታት ቢቆም አይደንግጡ። የቀለለ ሰውነት የሚያስፈልገው ምግብ ከበፊቱ ያነሰ ስለሆነ የመጀመሪያው ልክ አሁን ልክ ሆኖ አይቆይም። ለአንድ ሳምንት ዘይቱን፣ እንጀራውንና ስኳሩን እንደገና መዝግቡ፤ ብዙ ጊዜ ማንኪያው መሞላት፣ እንጀራውም መስፋት ጀምሮ ይገኛል። ካልሆነ በየቀኑ 15 ደቂቃ የእግር ጉዞ ይጨምሩ። እንቅልፍዎ ከ7 ሰዓት ያነሰ እንደሆነም ይመልከቱ፤ እንቅልፍ ያጣ ሰው ይበልጥ ይርበዋል።

ግቡ ላይ ሲደርሱ መመዘኑ ይቀጥላል። ከደረሱበት ክብደት 2 ኪሎ ከጨመረ በዚያው ሳምንት ወደ ደረጃ 5፣ 6 እና 7 ይመለሱ፤ ሁለት ኪሎ በአንድ ወር ይቀነሳል፣ አሥር ኪሎ ግን ሥራውን እንደ አዲስ ያስጀምራል።

የተለመዱ ስህተቶች

ቁርስና ምሳ ትቶ ሌሊት መብላት ቀዳሚው ነው፤ ቀኑን ሙሉ የተቆጠበው በአንድ እራት ያልቃል። በስፖርት ብቻ መተማመን ሁለተኛው ነው፤ ግማሽ ሰዓት የእግር ጉዞ የሚያቃጥለው አንድ ለስላሳ የሚሰጠውን ያህል ነው። ስኳር የተጨመረበት የአቮካዶ ጭማቂን ወይም ስፕሪስን እንደ ፍራፍሬ መቁጠርም ብዙ ሰው ያሳስታል። ቆሎና ኦቾሎኒ ጥሩ መክሰስ ናቸው፤ ነገር ግን በእፍኝ ተለክተው እንጂ ከሳህን እየተዘገኑ አይበሉ።

አደገኛው ስህተት ግፊት ወይም ስኳር ሲስተካከል መድኃኒትን በራስ ፈቃድ ማቆም ነው። ቁጥሩ የወረደው በመድኃኒቱም ጭምር ነውና ክኒኑ በድንገት ሲቆም ሊመለስ ይችላል። ሲነሡ የሚያዞርዎት ከሆነ ወይም የግፊት ልኬትዎ በተደጋጋሚ ዝቅ ካለ የልኬት ደብተርዎን ይዘው ወደ ሐኪምዎ ይሂዱ፤ መጠኑን የሚቀንሰው እርሱ ነው።